ለክቡር «ከላይ የተደወለ ስልክ»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስምዎ በሪፖርት ላይ እንዲሰፍር ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ይህ ደብዳቤ በግልጽ የተጻፈው እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን የታወቀ አድራሻ ስለሌለዎት ብቻ መሆኑን እንዲረዱልን እንጠይቃለን። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገባቸውን ቢያገላብጡ አያገኙዎትም፤ ቁጥር የለዎትም፣ ማኅተም የለዎትም፣ ፊርማም አይወዱም። ይሁንና በየትኛውም የፀረ ሙስና መሥሪያ ቤት የእርስዎን ያህል ቀልጣፋ ባልደረባ እንደሌለ የሚያውቁዎት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ መርማሪዎች ለዓመታት የለፉበትን መዝገብ እርስዎ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ያስተኙታል።

አነጋገርዎም የታረመ ነው። «መዝገቡን ዝጉት» የሚለው ጀማሪ ነው፤ እርስዎ እንዲህ ዓይነት ብልግና አያውቁም። መጀመሪያ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፣ ቀጥለው ስለ ልጆቹ፣ ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ያቺን ጉዳይ ግን ትንሽ ረጋ ብላችሁ ብታዩዋት» ይላሉ። በዚህኛው ጫፍ ያለው ኃላፊ ስልኩን አስቀምጦ ጥቂት ጣሪያውን ያያል። ከዚያ መዝገቡን ከጠረጴዛው ላይ ያነሣና «ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልገዋል» ብሎ ሽፋኑ ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቀን አስፍሮ መሳቢያ ውስጥ ያስገባዋል። እጅ ጽሑፉ የእሱ ነው፣ ፊርማውም የእሱ ነው፤ ነገ ተጠያቂ ቢፈለግ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው። እርስዎ እኮ ስለ ልጆቹ ነው የጠየቁት።

ምክር ቤቱ እርስዎን የሚቆጣጠርበትን መንገድ ደግሞ ያለ አድናቆት ማለፍ አይቻልም። ቋሚ ኮሚቴው የፀረ ሙስና ኮሚሽኑን ዓመታዊ ሪፖርት ያዳምጣል፤ ሪፖርቱ ስንት ሰው እንደሠለጠነ፣ ስንት ባለሥልጣን ሀብቱን እንዳስመዘገበና በጀቱ ስንት በመቶ ሥራ ላይ እንደዋለ በዝርዝር ይተነትናል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «በሥራችሁ ላይ ያጋጠመ ጣልቃ ገብነት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኮሚሽነሩ ውኃ ይጎነጫሉ፤ «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅተን እየሠራን እንገኛለን» ብለው ይመልሳሉ። ሰብሳቢው አመስግነው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ይሻገራሉ። ባለድርሻ አካል የተባሉት እርስዎ መሆንዎን፣ ቅንጅት የተባለውም የዚያን ሳምንት የስልክ ንግግር መሆኑን ከአዳራሹ ውስጥ የሚጠረጥር ብዙ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚያሰፍር ግን አንድም የለም።

በኮሚሽነሩ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን እውነቱን ተናግሮ ወደ ቢሮው የሚመለስ ሰው ሹመቱም በጀቱም በደዋዩ እጅ ከሆነ፣ ሆድ ይፍጀው ማለቱ ከፈሪነት ይልቅ ከሂሳብ የመጣ ነው። ይህ ተደብቆ የኖረ ምሥጢር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት በአንቀጽ 6 እና 36፣ የፀረ ሙስና አካላት አግባብ ካልሆነ ተጽዕኖ ነፃ ሆነው እንዲሠሩ አስፈላጊው ነፃነት ይሰጣቸው ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ፀረ ሙስና ተቋማት የወጣው የጃካርታ መርሆዎች ሰነድም የኃላፊዎች የሥራ ዘመን እንዲከበርና ከሥልጣን የሚነሡትም ሕግ በደነገገው ሥርዓት ብቻ እንዲሆን ይመክራል። ስምምነቱን የፈረሙት መንግሥታት በርካታ ናቸው፤ እርስዎም ከፈረሙት ከብዙዎቹ ቢሮ ይደውላሉ።

ስልኩ አልሰምር ሲልዎት የሚያደርጉትንም እናውቃለን። የሩማንያን የፀረ ሙስና ዳይሬክቶሬት ይመሩ የነበሩት ላውራ ኮድሩጻ ኮቬሺ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍትሕ ሚኒስትሩ ጠያቂነት ከቦታቸው ተነሡ፤ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት መብታቸው መጣሱን የወሰነው በ2020 ነው። ፍርዱ ሲደርስ እሳቸው የአውሮፓ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ነበር፤ የቀድሞው ወንበር ግን አልተመለሰላቸውም።

ከሁሉ የሚያስገርመን ግን አዋጅ ሆነው የሚመጡበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ሊቆጣጠርዎት የተመረጠው ምክር ቤት ራሱ እጁን አውጥቶ ያጸድቅዎታል። በደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ ፖለቲከኞችን ይመረምር የነበረው ስኮርፒዮንስ የተባለው ክፍል እንዲፈርስ ገዥው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ በጉባኤው ወሰነ፤ ፓርላማውም በማግሥቱ ዓመት ሕጉን አወጣ። በ2011 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተተኪው አካል ከፖለቲካ ተጽዕኖ በበቂ ሁኔታ አልተጠበቀም ብሎ ሕጉ እንዲስተካከል ለፓርላማው 18 ወራት ሰጠ። የዩክሬን ፓርላማ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የፀረ ሙስና ቢሮውንና ልዩ ዐቃቤ ሕጉን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር አደረጋቸው፤ ሕዝቡ አደባባይ ቢወጣ ያው ፓርላማ በዘጠነኛው ቀን ነፃነታቸውን መለሰላቸው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያንኑ እጅ ማውጣት፣ መቼም፣ የአካል ብቃት ይጠይቃል።

ቢሆንም አንድ ጊዜ ክፉኛ ተይዘዋል። ካናዳ ውስጥ በሊቢያ ጉቦ ሰጥቷል ተብሎ የተከሰሰ አንድ ኩባንያ ጉዳዩ በድርድር እንዲያልቅለት የቀድሞዋ የፍትሕ ሚኒስትር ጆዲ ዊልሰን-ሬይቦልድ በሹመቱ ላይ ሳለሁ ግፊት ደርሶብኛል ብለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ለፓርላማው የፍትሕ ኮሚቴ ቃላቸውን ሰጡ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳላቸው በማስታወሻ ይዘው ነበር፤ ከአገሪቱ ከፍተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ጋር ያደረጉትን የ17 ደቂቃ የስልክ ንግግር እንዲያውም ቀድተው ለኮሚቴው አስረከቡ። የኮሚቴው አብላጫ የገዥው ፓርቲ ስለነበር ምርመራው ቀደም ብሎ ተዘግቶ ነበር፤ የቀድሞዋ ሚኒስትርም ከፓርቲያቸው የምክር ቤት ቡድን ተባረሩ። ድምፅዎ ግን ለሕዝብ ተሰማ፤ የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩም በነሐሴ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥቅም ግጭት ሕጉን ጥሰዋል ሲሉ ደመደሙ።

ስለሆነም ጥያቄያችን ትንሽ ናት። በምርመራ ላይ ስላለ ጉዳይ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ንግግር፣ በስልክም ይሁን በሠርግ ቤት፣ የተናጋሪው ስምና ሰዓቱ ሳይቀር እንዲመዘገብ ሕግ ይውጣ፤ መዝገቡም በየሩብ ዓመቱ ተቃዋሚ በሚመራው ኮሚቴ ፊት በዝግ ስብሰባ ይከፈት። ተራው መርማሪ አለቃውን ሳያስፈቅድ ኮሚቴው ዘንድ መቅረብ ይቻለው። ሰብሳቢውም «ጫና አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ለሥነ ሥርዓት ያህል ከመጠየቅ ተቆጥበው፣ ይህ መዝገብ ከተከፈተበት ቀን አንሥቶ መሳቢያ እስከገባበት ቀን ድረስ ማን ማን አነጋገራችሁ ብለው ይጠይቁልን። ኮሚሽነሩን ማንሣት ያስፈለገ እንደሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ ቀርቦ፣ እሳቸውም መልስ ሰጥተውበት፣ ከአብላጫው ፓርቲ ድምፅ በላይ በሆነ ድምፅ ይወሰን።

የምክር ቤት አባላትም ቢሆኑ በዚህ ሥርዓት መዝገቡ ላይ ከመስፈር እንደማያመልጡ አስቀድመን እናሳውቃለን። «የመረጠን ሕዝብ ስለዚህ ነጋዴ ጉዳይ እየጠየቀ ነው» ብሎ ከስብሰባው በኋላ ኮሚሽነሩን በር ላይ የሚጠብቅ አባል በአካል የመጣ የእርስዎ ወንድም ነውና፣ በዚያው ገጽ ከእርስዎ ቀጥሎ ባለው መስመር ይጻፍልን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከዝግ ስብሰባው አጀንዳ ጋር እንዲያያዝ