ውዳሴ ፕሽሽ

ሰሞኑን አናቱ የተበሳ የፒስቶን (ሲሊንደር ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው የሞተር አካል) ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ከሥሩ የተጻፈችውን ባላነብላችሁም ታውቋታላችሁ፤ «ቱርቦው ፎርጅድ ሆኖ ጉድ ሠራኝ!» አዛኙ ብዛቱ! «ቡስቱ ስንት ነበር?»፣ ማለትም ቱርቦው በጭስ ኃይል እየዞረ አየሩን ወደ ሞተሩ በስንት ግፊት ያምቀው ነበር፣ ያለ ግን አልተገኘም። ሐዘንተኛን እንዲህ ያለ ነገረኛ ጥያቄ ማን ይጠይቃል?

እኔም ከአዛኞቹ ወገን ልሁንና ቱርቦ መኪናውን ጓሮው ውስጥ እየፈታ ለሚያሻሽለው ሊቅ የሚገባውን ምስጋና ላቅርብ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ቱርቦ ስላላዩ ነው። የጓሮ ሊቅ መጀመሪያ ይጠመጥማል፤ በፕላስተርም ቢሆን። የቡስት ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አይገዛም፤ ወገቡ አለለት። መኪናው ሲወረወር ጀርባው መቀመጫው ላይ እንዴት እንደተለጠፈ አይቶ 0.7 ባርን ከ1.2 ባር በአከርካሪው ይለያል። የጥበቡ ሁሉ ቁልፍ ደግሞ ወደ ዌስትጌቱ (ወደ ትርፍ ጭስ መዝጊያው) አክቹዌተር፣ ማለትም ከፋች፣ የምትሄድ አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ናት። ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ በዚች ቱቦ መጥቶ ዘንጉን ይገፋል፣ መዝጊያው ይከፈታል፣ የጭሱ ከፊል ተርባይኑን (ቱርቦውን የሚነዳውን መዘውር) ሳያዞር በጎን ይወጣል። ሊቃችን ቱቦዋን ይነቅላታል። አለቀ። ካቻቪቴ እንኳ አላስቸገረም።

ከዚህ በኋላ ቱርቦው ልጓም የለውም። የሞተሩ ኮምፒውተር ግፊቱ ከልክ ማለፉን ሲያይ ቤንዚኑን ይዘጋል፤ መኪናው ግድግዳ የመታ ያህል ይንገጫገጫል። ይህ የሞተሩ የመጨረሻ ዘበኛ ነው። ሊቁ ግን ዘበኛ ጮኸ ብሎ ሌባ አይፈልግም፤ የዘበኛውን አፍ ያፍናል። የግፊት ሴንሰሩን ምልክት የምትቆርጥ አንዲት ዕቃ ሽቦው ላይ ይቀጥላል። አሁን ኮምፒውተሩ 0.8 ባር ያያል፤ ሲሊንደሩ 1.3 ይውጣል፤ ቤንዚኑ የተሰፈረው ለ0.8 ነው። ሙሉ ቡስት ላይ ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር ቢሆን ደግ ነበር። ወደ 14 ሲጠጋ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ የካንዴላው እሳት ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ጠጠር የተበተነ ይመስላል፤ ሊቁ ግን ሙዚቃ ከፍቷል። ንጹሕ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ፒስቶን ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቱርቦው ወንጀል የታዘዘውን አየር ማቅረቡ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ዓይነት ግፊት ፎርጅድ (በሌላ ትርጉሙ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ) መሆን የነበረበት ፒስቶኑ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የድብልቅ ጌጅ የገጠመም አለ። ባለ ቀለም መብራት፣ ሌሊት ሲታይ የሠርግ ቤት። የምታነበው የፋብሪካውን ኦክስጅን ሴንሰር ነው፤ እሱ ደግሞ በትክክል የሚያውቀው 14.7ን (ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር) ብቻ ሲሆን ከዚያ ወዲያና ወዲህ «ወፍራም»፣ «ቀጭን» ከማለት አያልፍም። በቁጥር የሚናገር ዋይድባንድ ሴንሰር አለ፤ ግን ብልጭ ድርግም አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ጸጋ እንምጣ፤ ወደ ፕሽሽ። ቱርቦው እየገፋ ሳለ እግር ከፔዳል ሲነሣ ስሮትሉ (የሞተሩ የአየር በር) ይዘጋል፣ የታመቀው አየር መውጫ ያጣል። ፋብሪካው ለዚህ ያስቀመጣት ቫልቭ አየሩን ከቱርቦው በፊት ወዳለው ቱቦ በጸጥታ ትመልሰዋለች። በጸጥታ! ጥፋቷ ይኸው ነው። ሊቁ እሷን አውልቆ ወደ ውጭ የምትተፋ ይገጥማል፤ ፕሽሽ። የአየር መለኪያ ሴንሰር ባለው መኪና ላይ ግን ያ አየር ቀድሞ ተቆጥሯል፤ ኮምፒውተሩ ለሄደ እንግዳ ገበታ ያቀርባል። ቤንዚኑ ይተርፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲደርስ ድርግም። ሊቁ አስነሥቶ በድጋሚ ፕሽሽ ያደርጋል፤ ይቅርታ መጠየቁ ይመስላል።

ጎረቤቱ ናፍጣ ነው የሚነዳው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ የሚመጠነው በሚረጨው ናፍጣ እንጂ በስሮትል አይደለም፤ የሚዘጋ በር ከሌለ የሚታገት አየር የለም፣ የሚታገት ከሌለ የሚተፋ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ነገር ግን ፕሽሽ የሰው ልጅ መብት ነው! ስለዚህ ፔዳሉ ሥር ስዊች ይሰካል፣ ስዊቹ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከፋች) ያዛል፣ ሶሌኖይዱ ቫልቭ ይከፍታል፣ ለሞተሩ የታሰበው አየር ሜዳ ላይ ይደፋል። ሰውዬው ናፍጣ አቃጥሎ አየር ያምቃል፣ ያመቀውን ይደፋል፣ ስለደፋውም ፈገግ ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ ቱርቦ የለውም። ለእሱ ጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የምትወተፍ የአልሙኒየም ፉጨት ተሠርታለታለች። አራተኛው ኮፈኑ ሥር ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ፕሽሹን በቅጂ ያሰማናል። በዚህ አያያዝ አምስተኛው መኪናም አያስፈልገው፤ መስኮት ከፍቶ በአፉ ይበለው። ሴንሰር አያሳስት፣ ካንዴላ አያጠቁር፣ ሲያረጅም መለዋወጫ አይፈልግ።

ለፕሽሽ ይህን ያህል ሲደከም ለሩብ ሰዓት ፍተሻ ጊዜ አይገኝም። የቱርቦውን መግቢያ በክዳን ደፍኖ፣ ክዳኑ ላይ የጎማ ቫልቭ ገጥሞ፣ ቀስ እያሉ እስከ 1 ባር ነፍቶ፣ መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና ውሃ መቀባት። «ጠፋ» የተባለው ጉልበት ብዙ ጊዜ አንዲት የላላች ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ሥር ይገኛል። ምን ዋጋ አለው፣ አረፋ ድምፅ የለውም። የካንዴላውን ክፍተት ከ1.1 ወደ 0.7 ሚሊሜትር ማጥበብም እንዲሁ ድምፅ የለውም፤ ከፍተኛ ግፊት ሰፊውን ብልጭታ ያጠፋዋል እንጂ።

ሲሊኮን ላይ ያለው ለጋስነት ለብቻው ይመስገን። የቱርቦው ዘይት መመለሻ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ላይ እንደ ልጥ አድርጎ ይለስነዋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ መንገዱን ያጠባል። ዘይቱ ከቱርቦው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው፣ የሚገፋው የለም። የቱርቦው ዘንግ ማኅተምም ጎማ ሳይሆን እንደ ፒስቶን ፋሻ ያለ ቀለበት ስለሆነ የተጠራቀመ ዘይት አይዝም። ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። «ቱርቦው ሞቷል» ተብሎ ይፈረዳል። ሌላ ቱርቦ ይገዛል፤ በሌላኛው ላይ ሲሊኮኑ ይጨመራል። አዲሱን ደግሞ በመግቢያው ትንሽ ዘይት ሳያንጠባጥቡ፣ ቤንዚንና ካንዴላ ነቅሎ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ሳያዞሩ አስነሥቶ ወዲያው ግው ማድረግ ነው! በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው ዘንግ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ መሆኑን ለሊቁ የሚነግረው ኩሽኔታው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናው አፌ ላይ ይደርቃል። የሚያጨሰውን የናፍጣ መኪና ወፍራም ዘይት ሞልቶበት፣ የብልሽት ኮዱን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ፣ «ቤት የዋለች ናት» ብሎ ለማያውቅ ሰው የሚሸጥ አለ። ያ ቱርቦ አንድ ቀን ዘይቱን ወደ አየር መግቢያው ይለቀዋል፣ ሞተሩም የራሱን ዘይት እያቃጠለ ይጮኻል፤ ቁልፉ ተነቅሎም አይጠፋም። ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። ይህን ቀልድ የሚያደርግ፣ «ገዢው ማየት ነበረበት» የሚል፣ ሊቅም ጀማሪም አይደለም። ሌባ ነው።

ባለ ፒስቶኑ ሰውዬ ሌላ ሞተር አስገብቷል ይባላል። ቀጭኗ ቱቦ አሁንም እንደተነቀለች ናት፤ አሁን ግን አቧራ እንዳይገባ ብሎ ጫፏ ላይ ብሎን ወትፎባታል። ጥንቃቄ ጀምሯል።