ማስተካከያ፦ ስለ ሌሊቱ የእንቅልፍ ምርመራ
ከደሴና ከኮምቦልቻ ለእንቅልፍ ምርመራ ለምትጓዙ ባወጣነው መረጃ «ፀጉር ቅቤ ቢቀባም ችግር የለውም» ብለን ነበር። ተሳስተናል። ቅቤም ሆነ ቅባት ካለ የአንጎልን ሞገድ የሚያነቡት ሽቦዎች ራስ ቆዳ ላይ በደንብ አይጣበቁም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ይላቀቁና ባለሙያው ቀስቅሷችሁ እንደገና ይለጥፋል። በዕለቱ ፀጉራችሁን በሻምፑ ታጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ሂዱ፤ ሹሩባም ቢፈታ ይሻላል። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ በጥፍር ቀለም ወይም በሂና ሊሳሳት ስለሚችል ቢያንስ አንድ ጣት ሳይቀባ ይቆይ።

ቡና «እስከ ማታ ይቻላል» ያልነውም ይታረም፦ ከቀትር በኋላ በረካው ቀርቶ አቦሉም አይቀመስ። ጫትማ ጭራሽ! የምትወስዱትን መድኃኒት ግን ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ። እንቅልፋችሁ ቢቆራረጥ አትደንግጡ፤ ለምርመራው የጥቂት ሰዓታት እንቅልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።