እርማት፦ «ቀይ ዝርዝር» ነርሷን አያግድም

«ኢትዮጵያ ቀይ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ነርሶቿ እንግሊዝ መሥራት አይችሉም» የሚለው አስተያየት ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው፣ ከባድ የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ መኖራችን እውነት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ መነሻነት የከለከለው ግን ቀጣሪና ኤጀንሲ እዚህ መጥተው መመልመላቸውን ነው። ከጅማ ራሷ ማስታወቂያ አይታ በቀጥታ ለሆስፒታሉ የምታመለክትን ነርስ የሚከለክላት የለም።

ስለዚህ አጂፕ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ «ለእንግሊዝ ሆስፒታል እንመለምላለን» እያለ የመመዝገቢያ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ ምልመላውም ክፍያውም ክልክል መሆኑን ንገሩት። መልሱን ለመስማት እጓጓለሁ!

የሚከብደው እንግሊዝ ውስጥ በነርስነት መመዝገቡ ነው፦ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው አይኢኤልቲኤስ 7 (ለጽሑፍ 6.5 ይበቃል)፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና፣ በመጨረሻም እዚያው እንግሊዝ የሚወሰድ የተግባር ፈተና።