ማስተካከያ፦ የዶሮ ቁስል በአረቄ አይታጠብም

ባለፈው ሳምንት ለቡሬና ለአካባቢዋ ዶሮ አርቢዎች፣ አውራ ዶሮ ጀርባዋን የቧጨራትን ዶሮ በአረቄ እጠቡ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አረቄ የቆሰለውን ሥጋ ያቃጥላል፤ መዳኑንም ያዘገያል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ እጠቡ። ከሁሉ በላይ ለብቻዋ አቆዩአት፤ ሌሎቹ ደም ካዩ እየነቆሩ ያሰፉባታል። ዝንብም እንዳያርፍበት ጠብቁ፣ ትል ይጥልበታል። ጥልቅ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

«ለ5 ሴት 2 አውራ» ያልኩትም ስህተት ነው፤ ለ10 ሴት 1 ይበቃል። ጎረምሶቹ 4 ወር አልፏቸው ሴቶቹን ማዋከብ ሲጀምሩ ለዩአቸው። ለፋሲካ ይድረሱ ብሎ ሁሉንም አንድ ላይ ማቆየት (እኔም አድርጌዋለሁ) ትርፉ የተመለጠ ጀርባ ነው።