ጭብጨባ ደም አያቆምም

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ላይጥማችሁ ይችላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ወታደር ሲሸኝ እናጨበጭባለን። እንመርቃለን፣ እናለቅሳለን፣ ፎቶ እናነሳለን። መኪናው ከዓይናችን ሲሰወር ወደየቤታችን እንገባለን። ከዚያ በኋላ የምናስታውሰው ዜና ላይ ሲነሳ ብቻ ነው። ስለ ታንኩና ስለ ድሮኑ ሰዓታት እንከራከራለን። ግን ከመሃላችን «ልጁ ቢቆስል ማን ያነሳዋል? ቀዶ ሐኪሙ ስንት ሰዓት ይርቃል? ደም አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ማን ነው? እኔም አልጠየቅኩም። ለዓመታት አልጠየቅኩም። ስለዚህ ተግሳጹ ከራሴ ይጀምራል።

እስቲ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ታፋ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ሥር ሲበጠስ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚያች ሰዓት ሐኪም የለም፣ አምቡላንስም የለም። ያለው አጠገቡ የተኛው ጓደኛው ነው። ጓደኛው ኪሱ ውስጥ ቱርኒኬት ካለ ያወጣል። ቱርኒኬት ጠንካራ የጨርቅ ማሰሪያ ነው፤ ላዩ ላይ አጭር ዘንግ አለው። ከቁስሉ ከፍ አድርጎ ያጠልቀዋል፣ ይስበዋል፣ ዘንጉን ያጠማዝዛል። አንዴ። ሁለቴ። ቁስለኛው ይጮኻል፤ በጣም ያማልና። ያልሠለጠነ እጅ እዚህ ላይ ይራራል፣ ያላላል። የሠለጠነ እጅ ግን ደሙ ቀጥ እስኪል ድረስ ያጠብቃል፣ ዘንጉን ይቆልፋል፣ የታሰረበትን ሰዓት እዚያው ላይ ይጽፋል። ይህ እጅ የሚገኘው ከስምሪት በፊት ነው። በጨለማ፣ በአንድ እጅ፣ በራስ እግር ላይ ደጋግሞ በመለማመድ።

የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2011 በጦር ሜዳ የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች ጉዳይ አንድ በአንድ መረመሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ከ10ሩ ወደ 9 የሚጠጉት ሆስፒታል ሳይደርሱ ነው የሞቱት። እነዚህ ሆስፒታል ካልደረሱት ውስጥ ሩብ ያህሉ ሊድኑ ይችሉ ነበር። ሊድኑ ሲችሉ ከሞቱት ደግሞ ከ10ሩ 9ኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። «ሊድን ይችል ነበር» የሚለውን ቃል አንዲት እናት ስትሰማው አስቡ።

እዚያው ጦር ውስጥ 75ኛው የሬንጀር ሬጅመንት የሚባለው ልዩ የእግረኛ ክፍል የተለየ ታሪክ አለው። አዛዦቹ የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ጦርነት ገና ሳይጀመር የመጀመሪያ ርዳታን ከተኩስ ልምምድ እኩል አደረጉት። ለሕክምና ባለሙያው ብቻ አልተዉትም። ሾፌሩም፣ ምግብ አብሳዩም፣ አዛዡ ራሱም ተማረ፣ ተፈተነ። ከ2001 እስከ 2010 በነበረው ውጊያ ብዙ ቆስለውባቸዋል፣ ሞተውባቸዋልም። ነገር ግን በሜዳ ላይ መዳን እየቻለ በርዳታ ጉድለት የሞተ አንድም ሰው አልተገኘባቸውም። ምስጢራቸው አንድ ነገር ነው፦ ቀድመው መዘጋጀት። ሳይቃጠል በቅጠል እንል የለ? በአፍ እንለዋለን። በጀት ሲወጣ ግን ስለ ማሰሪያው፣ ስለ ቃሬዛው፣ ስለ ልምምዱ ሰዓት የመረጥነውን ሰው የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ሰልፍ ላይ የሚታየው መድፍ ነው። ማሰሪያው ኪስ ውስጥ ነው፣ አይታይም። የማይታየውን የማንጠይቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሆድና ደረት ውስጥ የሚፈስ ደም በማሰሪያ አይቆምም። እሱ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ፈጥኖ የሚደርስ ቀዶ ሐኪም እና የሌላ ሰው ደም። የተባበሩት መንግሥታት ለሰላም አስከባሪዎቹ ያወጣው ልክ አለ፦ በ10 ደቂቃ የመጀመሪያ ርዳታ፣ በ1 ሰዓት የላቀ ሕክምና፣ በ2 ሰዓት ቀዶ ጥገና። ጥሩ ልክ ነው። ግን ቀዶ ጥገና ክፍሉ ቢደረስና ፍሪጁ ባዶ ቢሆንስ? ደም በፋብሪካ አይመረትም። ከእኔና ከእናንተ ክንድ ነው የሚወጣው። ቀይ የደም ሕዋስ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን። ስለዚህ ዛሬ በስሜት ተሰልፈን የሰጠነው ደም ከሁለት ወር በኋላ ለሚቆስለው ልጅ አይደርስም።

የእኛ ልማድ ደግሞ ይታወቃል። ክፉ ዜና ሲሰማ ደም ባንክ ደጃፍ ላይ እንተራመሳለን። ዜናው ሲበርድ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ደም የሰጠሁት ተጎትቼ ነበር። መርፌው ያስፈራኝ ነበርና ዓመታት ሸሽቼዋለሁ። ነርሷ ትንሽ ኳስ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ጨበጥ ለቀቅ እያደረግክ» አለችኝ። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ከተለጠፈልኝ ፋሻ ሌላ ምንም ምልክት አልነበረብኝም። ቀና ስል ከጎኔ ያለው ከረጢት ሞልቷል፣ እየሞቀ፣ ወደ 450 ሚሊ ሊትር። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ማፈር አልረሳውም። ጤነኛ የሆነ ወንድ በየሦስት ወሩ፣ ሴት በየአራት ወሩ መስጠት ይችላሉ። ቀን ቆርጣችሁ ያዙት። ዜና አትጠብቁ።

ደግሞ ጥይት ብቻ አይደለም የሚገድለው። እንዲያውም በታሪክ ዋናው ገዳይ ጥይት አልነበረም። ከ1853 እስከ 1856 በተካሄደው የክሪሚያ ጦርነት እንግሊዝ ካጣቻቸው ወደ 21,000 ወታደሮች 16,000 ያህሉን የጨረሳቸው በሽታ ነው። ኮሌራ፣ ተቅማጥ፣ ተስቦ። የሆስፒታሉ ፍሳሽ ሲጠረግ፣ ውሃው ሲስተካከል፣ መስኮቱ ሲከፈት ነው ሞቱ የቀነሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በበርማ ግንባር ደግሞ በ1943 አንድ ቁስለኛ ወደ ኋላ ሲላክ 120 ሕሙማን አብረውት ይላኩ ነበር። ዋናው ወባ ነው። እዚያ የእንግሊዝን ጦር የመራው ጀኔራል ዊልያም ስሊም ምን አደረገ? ሜፓክሪን የሚባለው የወባ መከላከያ ክኒን በየቀኑ መዋጡን በድንገት እያስመረመረ፣ ከ95 በመቶ በታች የተገኘበትን ክፍል አዛዥ ከሥልጣን አወረደ። ሦስት አዛዦችን ካነሳ በኋላ ሌላው ገባው።

ለምን ነበር ወታደሮቹ የማይውጡት? ክኒኑ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል። ከዚህ የከፋው ግን ወሬ ነበር። «ወንድነትን ይገድላል» የሚል ወሬ በሠራዊቱ ውስጥ ተዛመተ። ውሸት ነበር። ግን ክኒኑን እጅ ላይ እያስቀረ ስንቱን ለወባ ሰጠው።

ይህንን የማነሳው ዛሬም ወሬውን የምናዛምተው እኛ ስለሆንን ነው። ስልካችን ላይ የደረሰንን ሳናጣራ ለልጃችን እንልካለን። «ክትባቱን እንዳትከተብ፣ የሆነ ነገር አለበት» እንላለን። ወላጅ ስለሆንን ቃላችን ከሻለቃው ሐኪም ቃል ይበልጣል። ልጁ ያምነናል። ካርዱ ላይ ማህተም እንዲመታለት ሰው ይለምናል፣ ክትባቱን ግን አይወስድም። እናቶች፣ አባቶች፣ ተዉ! የቢጫ ወባ ክትባት ሥራውን ለመጀመር 10 ቀን ያህል ይፈልጋል። በስምሪቱ ዋዜማ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ አይደርስለትም። ፍርሃት ካላችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ያላወቃችሁትን ማስተላለፍ ግን ጥፋት ነው፣ ሰው ይገድላል።

ሌላም አለ። ሕመም መደበቅ። ልጁ እንዲቀጠር፣ ግዳጅ እንዲደርሰው፣ አበሉ እንዳይቀርበት ብለን አስሙን አብረን እንደብቃለን። «ጤነኛ ነኝ በል» ብለን እናስጠናዋለን። አንድ የማውቀው ልጅ መንጋጋው እያመመው ነው የሄደው። ምርመራ ላይ ዝም አለ፣ ቤተሰቡም ዝም አለ። ጥርስ ምን ይሆናል ብለው። በሦስተኛው ሳምንት ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተዘጋ፣ ትኩሳት ያዘው። የጥርስ ሐኪም ያለበት ለመድረስ አደገኛ መንገድ ላይ መኪና ወጣ። ሾፌር፣ ሁለት አጃቢ፣ አንድ የሕክምና ባለሙያ። አራት ሰው ነፍሱን ይዞ የወጣው ቀድሞ በግማሽ ሰዓት ሊነቀል ለሚችል ጥርስ ነው። ደግነቱ ሁሉም በሰላም ተመለሱ። ባይመለሱስ?

የወታደሩ ጤና የወታደሩ ጉዳይ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ሄይቲን አስታውሱ። በ2010 ለሰላም ማስከበር የመጣ ሠራዊት የሰፈረበት ካምፕ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ገባ። ኮሌራም አብሮ ገባ። ከዚያ በፊት ቢያንስ ለአንድ መቶ ዓመት ኮሌራ ያልታየባት አገር ናት። ሕዝቡ ከዚያው ወንዝ ይጠጣል፣ ይታጠባል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ታመመ። የተባበሩት መንግሥታት ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ። ከመነሻ በፊት በቂ ምርመራ ቢደረግ፣ መጸዳጃው በሥርዓት ቢቆፈር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ። ለመርዳት ሄዶ ማጥፋት የሚመጣው እንዲህ ካለው ትንሽ ከሚመስል ቸልተኝነት ነው።

ስለ ሐኪሞቹ አጭር ነገር ልበል። ጦር ሜዳ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም እጁ የሚሳለው በሰላም ጊዜ ነው። የመኪና አደጋ፣ የጥይት ቁስል፣ ከባድ ደም መፍሰስ በየዕለቱ በሚያይ የሲቪል ሆስፒታል ውስጥ ካልሠራ ችሎታው ይዶለዱማል። ስለዚህ የሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ወታደር ሐኪም ልምምድ ልውሰድ ሲላችሁ በሩን አትዝጉ። ቀጣሪዎችም፣ ተጠባባቂ የሆነች ነርስ ለስምሪት ስትጠራ ቦታዋን ጠብቁላት። ተመልሳ ስትመጣ ሥራዋን አጥታ ካገኘች ሌላዋ ነርስ አትመዘገብም።

የመጨረሻው እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነው። ከተመለሱ በኋላ።

አካሉ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ «ተመስገን፣ ምንም አልሆነም» እንላለን። ፍንዳታ አጠገቡ የነበረ ሰው ግን ከውጭ ምንም ሳይታይበት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ራሱን ያመዋል፣ ነገር ይረሳል፣ ብርሃን ይረብሸዋል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሌላው ደግሞ ሌሊት አይተኛም። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ይሰጣል። እኛ ምን እንለዋለን? «ተለወጠ»፣ «ጠጪ ሆነ»፣ «ፈርቶ ነው የመጣ»። ስንቱን በዚህ ቃል ዳግመኛ አቆሰልነው! ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ስንት ገደልክ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ የምትጠይቁ ሰዎች፣ እለምናችኋለሁ፣ አቁሙ። ልጆቻችሁንም እንዳይጠይቁ ንገሯቸው።

የአእምሮ ቁስል ሕክምና አለው። ብዙው ሰው በሕክምና ይሻለዋል። ግን ሰውየው ብቻውን አይሄድም፤ ያፍራል። ክሊኒኩ ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ቀጠሮው ቀን አብራችሁት ሂዱ። ወረፋው ቢረዝም አብራችሁት ጠብቁ። ሲጠራ ውጭ ቁሙለት። ሲወጣ «ምን አሉህ?» ብላችሁ አታጣድፉት። ማውራት ከፈለገ ያወራል፣ ካልፈለገ ዝም ብላችሁ አብራችሁት ወደ ቤት ተመለሱ። የሚቀጥለውን ቀጠሮም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።