ሞተር በአንድ ከሰዓት

ሌላው አገር ሞተር መልመድ የወራት ጣጣ ነው አሉ። መጀመሪያ ክፍል ገብቶ የመንገድ ምልክት መሸምደድ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፉ ሚዛን መልመድ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አስፋልት። ድሬዎች ግን ሁሉንም በአንድ ከሰዓት ጠቅልለው ጨርሰውታል። በርጫው ሲያልቅ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ጓደኛውን ከፊት ያስቀምጥና ከኋላው ይፈናጠጣል። «ያ ፍሪሲዮን፣ ይሄ ፍሬን፤ በቃ ልቀቀው አቦ!» ሥልጠናው አለቀ። ምረቃው ቀፊራ ገበያ መሃል ነው።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ተማር፣ ተፈተን፣ ከዚያ ንዳ የሚል አድካሚ ሰልፍ አለው። የኛ ለማጅ ሰልፉን ከጭራው ይጀምራል፤ ይነዳል፣ ይወድቃል፣ ፈተናውን ወጌሻ ቤት ይወስዳል።

«ልቀቀው» የሚለውን ትምህርት ቃል በቃል መፈጸሙም የሚደነቅ ነው። ፈሪ የሆነ ሰው ፍሪሲዮኑን፣ ማለት ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ፣ ቀስ አድርጎ ይለቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲልና ሞተሩ ወደፊት ሳብ ሲያደርግ እዚያው ላይ ያዝ አድርጎ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር ነው የቀረውን የሚለቅ። ጀግናው ለማጅ በአንዴ ይለቃል። ነዳጅ ካልሰጠ ሞተሩ አንዴ ዘሎ ይጠፋል፤ አብዝቶ ከሰጠ የፊት ጎማው ብድግ ይላል፣ አሠልጣኙም በኋላ በኩል ይወርዳል። ተመልካች ቲኬት አይቆርጥም።

ከሁሉ በላይ ግን ሊወደስ የሚገባው «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» የሚለው የሰፈር ሊቃውንት ግኝት ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማው አስፋልቱን ጭብጥ ያደርጋል፣ የኋላው ይቀላል። ስለዚህ ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከፊት ነው። ሰው የሚገለብጠው በድንጋጤ ጭምድድ አድርጎ መያዝ፣ ወይም ሞተሩ ተጋድሞ እየታጠፈ ሳለ መያዝ ነው እንጂ መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ በሁለት ጣት እየጨመሩ መጭመቅማ ያድናል። የኛ ሰው ግን ቆጣቢ ነው! የፊት ፍሬኑን ሸራ ከነአዲስነቱ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። የኋላውን በሙሉ እግሩ ይረግጣል፤ ጎማው ይቆለፋል፣ ይጮኻል፣ ጭራው ወደ ጎን ይሄዳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እግሩን ለማንሳት አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት እንኳ 11 ሜትር ሄዷል፤ መያዝ ገና አልተጀመረም። ፊት ለፊቱ ያለው ባጃጅ ደግሞ 11 ሜትር የሚሰጥ አይደለም፤ ተሳፋሪ ካየ እዚያው ነው። (ለባጃጅ ሾፌሮችም በዚህ አጋጣሚ ምስጋናችን ይድረሳቸው፤ ያለ ፍሬቻ መቆም ላይ የሚያክላቸው የለም።) ዝናብ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከወረደ በኋላ አስፋልቱ ላይ የሚቀረውን አሸዋ አልጨመርንም። እሱ ላይ እንኳን ፍሬን፣ ማዘንበልም አያስፈልግም፤ ራሱ ያስተኛል።

ሄልሜትስ? አላቸው፤ ማን የላቸውም አለ? ክርን ላይ ነው ያለው። ድሬ ይሞቃል፣ ጭንቅላት ነፋስ ይፈልጋል፣ ክርን ግን ይሰበራል፤ ስሌቱ ትክክል ነው። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ከክርን ወደ ራስ ይዛወራል፣ ማሰሪያው ግን እንደተንጠለጠለ ነው። ማሰሪያ ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ካልጠበቀ፣ ወዳቂው መሬት ሳይደርስ ሄልሜቱ ቀድሞ ይደርሳል። ቢያንስ ሄልሜቱ ተርፏል።

አለባበሱም ለጥናት የሚበቃ ነው። ሽርጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ አንዳንዴም ሁለቱም። ሁለተኛ ማርሽ የሚገባው ማርሹን በእግር ጫፍ ወደ ላይ በማንሳት ስለሆነ በነጠላ ጫማ የሚያነሳ ለማጅ ወይ ጫማውን፣ ወይ ጥፍሩን ለመንገዱ ይለግሳል። የሽርጡ ጫፍ ካቴና ውስጥ ከገባ ደግሞ የኋላ ጎማው ራሱ ይጠቀልለዋል። ከዚያ ዙርባው፣ የጫቱ እስር፣ አለ፤ መሪው ላይ በአንድ ወገን ይንጠለጠላል። መሪው ወደዚያው ይጎትታል፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ ቅጠሉ ታንከሩ ላይ ይነክስና ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ስፖኪዮ መቼም የለም፤ «ያስጠላል» ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ተፈቷል።

የማጠናቀቂያ ጉዞው ወደ ሐረር ነው፤ በማግሥቱ። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ በመሃል የደንገጎ ዳገት። አወጣጡ ምንም አይልም፣ ሞተሩ እያለከለከም ቢሆን ይወጣል። አወራረዱ ላይ ነው ሊቅነቱ የሚታየው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለት ማርሽ ሳያስገባ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳይሰጡ ቢወርዱ ሞተሩ ራሱ ይይዝ ነበር። በፎሌ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፣ ለዚያውም በዚያ በአንዱ የኋላ ፍሬን። ከጥቂት ኩርባ በኋላ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፣ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን ቁም ቢሉት እሺ አይልም። የተቆጠበው ነዳጅ የአንድ ሻይ ዋጋ አይሞላም።

ለማንኛውም ነገ ከሰዓት ከዚራ አዲስ ምዝገባ አለ። ክፍያው አንድ ዙርባ ነው፤ ሄልሜት ያላችሁ ክርናችሁን ይዛችሁ ኑ።