ምጣዱ የእሳቸው፣ ሒሳቡ የእኔ

ኧረ ይኼ የመብራትና የውኃ ሒሳብ መላ ይፈለግለት! ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ያለኝ አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ነው። አከራዬ ጋ ፍሪጅ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ በሳምንት ሁለቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይጣዳል፤ ወር ሲደርስ ግን ሒሳቡ በቤቶቹ ብዛት እኩል ይካፈላል።

ደሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። የራሴ ቆጣሪ ቢኖረኝ ከ50 አልዘልም ነበር፤ አራት ቤት አንድ ቆጣሪ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሁላችንም ውዱ እርከን ላይ ነን። የሰው እንጀራ መጋገሪያ መክፈሌ ሳያንስ በውድ ዋጋ!

ውኃውማ አይነሳ። የጎንደርን ቧንቧ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድርቅ ብሎ ይከርማል፣ ጀሪካን በባጃጅ ጭኜ በራሴ ብር አስመጣለሁ፣ ከዚያ "የውኃ ድርሻህ" እባላለሁ። የቱ ውኃ? ደረሰኙን ልየው ስል እትዬ "አታምነኝም እንዴ ልጄ?" ብለው ቡና ይቀዱልኛል፣ አፌ ይዘጋል። (ቡናቸው ግን አይታማም።)

በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። እሺ፣ ተጻፈ፤ ውላችን ላይ ስለ ቆጣሪ ግን አንዲት መስመር የለችም። ቤት የምትፈልጉ፣ ቀናሽ ቆጣሪ (የየቤቱን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ) መኖሩን ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ። እኔ የዚህን ወር ደረሰኙን ካላየሁ አልከፍልም፣ ቡናም አልጠጣም።